ድንጋይ ጠራቢው ጣና ዳር ሲውል፦ ጀልባው፣ ደረጃው፣ ቀረሶው

በደረጃው ልጀምር። ስለ ጣና የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ከፀሐይ መጥለቂያው ይጀምራል። እኔ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እግሬ የሚረግጠው ላይ ነው።

ከጀልባ ተወርዶ ወደ ዓሣ ቤቱ የሚወጣበት ደረጃ ዘጠኝ መርገጫ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዳንድ ስንዝር ከፍ ይላሉ። ሦስተኛው ስንዝር ተኩል ነው። እግር ደግሞ ሳያስታውቅ ይቆጥራል። ሁለቴ የለመደውን ሦስተኛው ላይ ሲያጣው ይደናቀፋል። ከፊቴ ልጅ ያዘለች ሴት ስትወጣ እዚያችው ላይ ተንገዳገደች። ከወጣች በኋላ ዞር ብላ ድንጋዩን አየችው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገብቷታል።

እንግዲህ ግምገማዬ በዚህ ዓይን የተጻፈ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከቤተሰቤ ጋር ጀልባ ተከራይቼ፣ ዓሣ በልቼ፣ ውሃ ዳር ዋልኩ። የጀልባውንም የዓሣ ቤቱንም ስም አልጠራም። የሰው እንጀራ መንካት አልፈልግም። ደግሞ የማነሳው ጉድለት የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ቅዳሜዋ የመጣችው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ፖላንድ ክራኮቭ ከተማ አራት ዓመት ተምሮ ለእረፍት መጥቶ ነበር። በመጣ በማግስቱ ቁርስ ላይ «ጋሼ፣ አሁን እዚህ የት ነው የሚዋኘው?» አለኝ። ባለቤቴ ሻይ ልትቀዳ ያነሳችውን ፔርሙዝ ይዛ ቀረች። «ይኼ ልጅ ባሕር ዳር አይደለም እንዴ ያደገው?» አለች።

ነገሩ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ደጃችን ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ፎቶ እንነሳበታለን። ሙሽራ እናጅብበታለን። ዓሣውን እንበላለን። ጎረምሶች ዘለው ይገባሉ፣ ልብስ የሚያጥቡ እስከ ጉልበታቸው ይገባሉ። ግን አንድ አባት የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ «ና፣ ዋና ላስተምርህ» የሚልበትን ቦታ አሳየን ብትሉኝ ጣቴን የምቀስርበት የለኝም። የሆቴል ገንዳ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሆቴሉ ነው።

«ዋናውን ተወውና በጀልባ ላዙርህ» አልኩት።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደቡ አካባቢ ደረስን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እሱ፣ ከዚያ የልጄ ልጅ፣ ሰባት ዓመቱ። ጀልባ ነጂው 2,500 ብር ብሎ ጀመረ። ባለቤቴ እንደ ሸቀጥ ተራ ጀርባዋን ሰጥታው መሄድ ስትጀምር 1,600 ላይ ቆመ። መንገዱ በደብረ ማርያም ደሴት አድርጎ እስከ ዓባይ መውጫ፣ ሲመለስ ዓሣ ቤቱ ጋ ማውረድ ነው። ለአራት ሰው አይከፋም።

ላይፍ ጃኬት ላይ ግን ተጣላን። አምስት ጃኬት ነበረው። ሁሉም የአዋቂ ነው። አንዱ ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ተቋጥሯል። ለልጁ ሲያለብሰው ጃኬቱ ጆሮው ድረስ ወጣ። እንዲህ ያለው ጃኬት ውሃ ውስጥ ልጁ ወደ ታች፣ ጃኬቱ ወደ ላይ ይሄዳሉ።

«ፋዘር፣ ጣና እኮ ጠዋት ጠዋት ኩሬ ነው» አለኝ ጀልባ ነጂው።

እውነቱን ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው። እኔ ግን ስለ ኩሬ የማውቀው ነገር አለ፣ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። የልጅ ጃኬት ካልመጣ አልሳፈርም አልኩ። ጀልባ ነጂው ሳይነጫነጭ ሄዶ ከሌላ ጀልባ ተውሶ መጣ። አሥር ደቂቃ ፈጀበት። ይህንን ለእሱ እመዘግብለታለሁ። ግን የልጅ ጃኬት በአሥር ደቂቃ የሚገኝ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ጀልባው ውስጥ የለም?

ጉዞው ጥሩ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውሃው ሞልቶ ደንገሉ ወገቡ ድረስ ሰጥሟል። ደብረ ማርያም አጠገብ አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ሲቀዝፍ አገኘነው። ታንኳዋ ግማሿ ውሃ ጠጥታለች። እሱ ግን እንደ ሶፋ ተቀምጦባታል። የልጅ ልጄ «ላይፍ ጃኬት የለውም!» ብሎ ጮኸ። ጀልባ ነጂው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

መውጫው ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። ጉማሬዎች ነበሩ፤ ጆሮና አፍንጫ ብቻ። ሌሎች ጀልባዎች ለፎቶ ብለው ሲጠጉ አይቻለሁ። ይኼ ልጅ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ «ከልጇ ጋር ከሆነች አልቀርብም» አለ። ለዚህች ቃል ብቻ ጉርሻ ሰጥቼዋለሁ።

እዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የድንጋይ ወሬ የጀመርነው። ጣና ራሱ ድንጋይ የዘጋው ውሃ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ድንጋይ በደቡብ በኩል የሸለቆውን አፍ ደፈነው፤ ውሃው ከኋላው ተጠራቀመ። ያ ድንጋይ ሲበርድ የሆነው ጥቁር ድንጋይ ነው። እኛ ባሕር ዳር ዙሪያ በመዶሻ የምንፈልጠው፣ ለቤት መሠረት የምንደረድረው፣ የኮብልስቶን ሥራ ሲመጣ አራት ማዕዘን አድርገን የከተማውን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ያነጠፍነው የዚያ ዘመድ ነው። መውጫው ላይ ደግሞ ሰው የራሱን ጨመረበት። የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን መጠን በበር ይቆጣጠራል። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በበጋም ውሃ እንዲያገኝ ነው።

«ስለዚህ ጋሼ፣ ጣናም ካባ ነው ማለት ነው» አለ የእህቴ ልጅ።

«ካባ ድንጋይ ሊወጣበት ይቆፈራል። ጣና የተደፈነ ነው» አልኩት። ሙያ ላይ ቀልድ አላውቅም።

ያኔ ስልኩን አወጣና ክራኮቭ ውስጥ በበጋ የሚዋኝበትን ቦታ አሳየኝ። ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ ያየሁት ገደሉን ነው። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰው የቆረጠው ግድግዳ። ከታች ሰማያዊ ውሃ። የትም ብትወስዱኝ አልስተውም፦ ካባ ነው። ውሃ የሞላ ካባ።

ዛክሹቬክ ይባላል። የኖራ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ነው። ድንጋዩ ሶልቬይ ለሚባል የሶዳ ፋብሪካ ይሄድ ነበር። ጀርመኖች ፖላንድን በያዙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ አንድ የሃያ ዓመት ተማሪ ለግዳጅ ሥራ ወደ ጀርመን እንዳይጋዝ ብሎ እዚያ ካባ ውስጥ ተቀጠረ። ድንጋይ ፈለጠ፣ ጋሪ ላይ ጫነ፣ በኋላ የድማሚት ባለሙያው ረዳት ሆነ። ካሮል ቮይቲዋ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የሮም ጳጳስ ሆነ፣ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ።

ባለቤቴ ይህንን ስትሰማ እጄን ገልብጣ አየችው። «እንዲህ ያለ እጅ ይዞ ነዋ የባረከው» አለች።

ሥራው የቆመው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እንደ እነሱ አቆጣጠር። እዚህ ላይ ልጁ የነገረኝን ሳይሆን እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ የካባ ጠባይ የትም አንድ ነው። ካባ ሲጠልቅ የከርሰ ምድር ውሃን መስመር ያልፋል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ የምታወጣው ፓምፕ ቀንና ሌሊት ውሃውን እየሳበልህ ነው። ፓምፑን ያጠፋህ ቀን ውሃው የራሱን ቦታ ሊወስድ ይመጣል። ከላይ የሚወርደው ዝናብ ትንሽ ያግዘዋል እንጂ ዋናው የሚመጣው ከጎንና ከታች፣ በድንጋዩ ስንጥቅ በኩል ነው። ክራኮቭም የሆነው ይኸው ነው። ጉድጓዱ ሞላ። ጥልቀቱ ከ30 ሜትር ያልፋል። ይህን ስሰማ ነው ቀና ያልኩት። ጣናኮ ያንን ሁሉ ስፋት ይዞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው። አንድ የድንጋይ ጉድጓድ ጣናን በጥልቀት በእጥፍ በለጠው።

ስለ ኩሬ የማውቀውን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር።

ዓመቱን ልተወው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ካባ ላይ የጠራቢዎች አለቃ ነበርኩ። ለመንገድ ሥራ ጠጠር እናወጣለን። ሥራ ተቋራጩ የሚፈልገውን ያህል ጭኖ ሲጨርስ ማሽኑን አነሳ፣ ፓምፑን ነቀለ፣ ሄደ። ጉድጓዱን ትቶልን። አጥር የለ፣ ምልክት የለ። ክረምቱ ገባ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጉድጓዱ ሞልቶ ጥርት ብሎ ተኛ። ከጣና ይልቅ ያምራል፤ ጭቃ የለውም፣ ሣር የለውም። የሰፈር ልጆች ታዲያ ምን ይሁኑ?

የካባ ውሃ ያታልላል። ሐይቅ ዳር ስትገባ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ ነው፤ መመለስ ትችላለህ። ካባ ዳር የለውም። አንድ እግርህ ድንጋይ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ምንም ላይ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ፀሐይ ሞቆ ይሞቃል። ከሥሩ ያለው አጥንት ይሰብራል፤ ድንገት ሲነካህ ትንፋሽህ ይቆረጣል። ለመውጣት ስትሞክር ደግሞ ግድግዳው እኛ በመሮና በመዶሻ ቀጥ አድርገን የቆረጥነው ነው። መያዣ የለውም። ጥሩ ሠርተነው ነበርና።

አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ገባ። እግዜር ሲለው አንድ ከብት ጠባቂ አየው። ገመድ ጥሎ ከጓደኞቹ ጋር ጎትተው አወጡት። ልጁ ተረፈ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ሲያየኝ ጡሩንባ ይነፋልኛል። እኔ ግን ጡሩንባዋን በሰማሁ ቁጥር ደስ አይለኝም። ተቋራጩን ስወቅስ ኖሬያለሁ። የመጨረሻውን ደሞዜን ተቀብዬ፣ መዶሻዬን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ወደ ኋላ ሳላይ የሄድኩት ግን እኔም ነኝ። አጥር ያስፈልጋል ብዬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ክራኮቭም እንደዚያው ነበር። መጀመሪያ ጠላቂዎች መጡበት። ከዚያ ጎረምሶች ከገደሉ እየዘለሉ ሞቱበት። አጥር ቢታጠር እየዘለሉ ገቡ። በመጨረሻ ከተማው ምን አደረገ? ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት መድረክ ዘረጋና መድረኩ ውስጥ ገንዳዎች አንጠለጠለ። ወለል አላቸው። አንዱ ለሕፃናት ነው፣ ጉልበት አይደርስም። ሥሩ 30 ሜትር ገደል ሆኖ ልጅህ እላዩ ላይ ቆሞ ይንቦራጨቃል። የዋና ጠባቂ ቆሞ ያያል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ተከፈተ።

«መግቢያው ስንት ነው?» አልኩት።

«ነጻ ነው ጋሼ።»

«ወንበሩስ?»

«ፎጣ አንጥፈው ነው የሚቀመጡት።»

ይህ ወንበር የሚባል ነገር ወደ ዓሣ ቤቱ ይመልሰኛል። 6 ሰዓት ላይ ደረስን። ያንን ሦስተኛ መርገጫ አልፈን ጥላ ሥር ያለ ጠረጴዛ ያዝን። ገና ሳንቀመጥ አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» አለ። ውሃ እንኳ ለማየት ጊዜ አይሰጥም። የልጅ ልጄ ወደ ውሃው ሮጦ ሊሄድ ሲል ባለቤቴ በሸሚዙ ያዘችው። ጣና ዳር ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው፤ ውሃው ፊት ለመቀመጥ ማኪያቶ መግዛት አለብህ። በእግር መንገዱ ላይ በነጻ መሄድ ትችላለህ፣ እሱ እውነት ነው። አምስት ልጅ ይዛ ለመጣች እናት ግን አምስት ለስላሳ ማለት ነው።

ዓሣው? ዓሣው ላይ አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ። ሙሉ ቀረሶ አዘዝን፣ ሦስት። ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ በዘይት ጥርት ብሎ ተጠብሶ፣ ጭራው እንደ ጥብስ በቆሎ የሚንኮሻኮሽ። አዋዜው ቤት የተመታ ነው፣ የጠርሙስ አይደለም። ሎሚው ለአራት ሰው ሁለት ግማሽ ብቻ መጣ፤ ስስት ነው። እንጀራው የጠዋት ነበር። የእህቴ ልጅ አከርካሪውን ብቻ ትቶ ጨረሰ። «ፖላንድ ውስጥ ዓሣ አጥንት የለውም» አለ። የለውም አሉ፤ አውጥተው ነዋ የሚሸጡት። ስለ አምባዛ ወጡ ብዙ አልልም፤ ጨው በዝቶበታል።

የእህቴ ልጅ አሁንም ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። «ጋሼ፣ ግን አንድ ጊዜ ዘፍ ብል ምን እሆናለሁ?» አለ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጄ ሁልጊዜ የምትለውን ነገርኩት። ቢልሃርዚያ አለ። ተውሳኩ የሚራባው ዳር ዳር ሣር ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ነው፣ ውሃው ውስጥ ይለቀቅና በቆዳ ዘልቆ ይገባል። ቁስል አይፈልግም። ጣና ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ሲመረመሩ የሚገኝ በሽታ ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ያድነዋል፤ ነገ ተመልሰህ እዚያው ውሃ ከገባህ ግን እንደገና ነው። ሰው ሐይቁ ዳር መጸዳዳቱን ካልተወ ዑደቱ አይቆምም።

ልጁ ዝም አለ። ቆየት ብሎ፣ «ታዲያ እዚያ ጉድጓድ ነበራቸው፣ ወለል ሠሩለት። እኛ ሐይቅ አለን፣ ወለሉም ጥልቅ አይደለም...» ብሎ ጀምሮ ተወው። እኔም አልጨረስኩለትም። ዓሣ አፌ ውስጥ ነበር።

ጀልባውን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የጉማሬዋ ነገር ባይኖር ሦስት ነበር። ዓሣ ቤቱ ለቀረሶው አምስት ይገባዋል፣ ለሎሚው አንድ ይቀነስበታል። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃም አለው፤ ከላይ ያልኩትን አስቡና ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደረጃው ላይ ግን ማርክ መስጠት አልቻልኩም።

ስንወጣ ሂሳብ የምትቀበለውን የዓሣ ቤቱን ባለቤት አገኘኋት። «እናቴ፣ ይኼን ደረጃ ማን ሠራው?» አልኳት።

«ምነው ጋሽዬ? ቆንጆ አይደለም እንዴ? ገና አራት ዓመቱ ነው።»

ጢስ ዓባይ አጠገብ የፖርቱጋሎች የሚባለው ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ የተሠራ ነው፣ ሲሚንቶ ሳይታሰብ። እስከ ዛሬ ሰውና አህያ ይሻገሩበታል። ይህን ልነግራት ነበር። ከዚያ ይልቅ እጇን ይዤ ወሰድኳትና ደረጃውን ከታች እስከ ላይ በስንዝሬ ለካሁላት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሳቀች። «እኔም ሁልጊዜ እዚች ላይ ነው ትሪ የምደፋው፣ የራሴ ቅልጥፍና ማጣት መስሎኝ!» አለች።

ድንጋዩ ራሱ ጥሩ ነው። ተነስቶ በልኩ እንደገና መቀመጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። የግማሽ ቀን ሥራ። ግማሽ ጆንያ ሲሚንቶና ትንሽ አሸዋ።

«ሲሚንቶውን አንተ ቻል፣ ምሳ በእኔ» አለችኝ።

«ሲሚንቶውን አንቺ፣ ጉልበቱ በእኔ። ክፍያው በቀረሶ» አልኳት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁ። ስንት ቀረሶ የሚለው ላይ ገና አልተስማማንም። እኔ ስድስት ብያለሁ፣ እሷ ሦስት ላይ ቆማለች። ባለቤቴን ይዤ ከሄድኩ አምስት ላይ የምንጨርስ ይመስለኛል።